ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰር፦ የስታቲስቲክስ መምህርነትን ሙያቸው ሊያደርጉ ለሚያስቡ የተጻፈ መመሪያ

ስታቲስቲክስ ተምሮ በከፍተኛ ውጤት የተመረቀ ወጣት በዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር፣ ከፊቱ ያለው መሰላል በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ከረዳት ምሩቅነት ይጀምራል፤ በረዳት ሌክቸረርነትና በሌክቸረርነት አልፎ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር ይባላል። ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከ መጨረሻው ማዕረግ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ቢወስድ የሚያስገርም አይደለም። እያንዳንዱ ደረጃ የሚጠይቀውን የአገልግሎት ዘመንና የኅትመት ብዛት የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ስለሆነ፣ በተቀጠራችሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ቅጂውን ጠይቃችሁ ውሰዱና ስለ ዕድገት የሚናገረውን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሕጉ የማይነግራችሁን፣ ማለትም በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ በየቀኑ ምን መሥራት እንደሚገባ፣ ለረጅም ጊዜ ካስተማርኩበት ሙያ በመነሣት እዚህ ላይ ለመጻፍ እሞክራለሁ። የውጭ አገር ሊቃውንትን ሳነሣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ እምነቴን ልናገር። ስታቲስቲክስ ከሌሎች ሰዎች ጥያቄ የሚኖር ሙያ ነው። የእርሻ ተመራማሪው፣ ሐኪሙ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያው፣ ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣው ተማሪ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ጥሩ የስታቲስቲክስ መምህር የሚሆነው ጥያቄያቸውን እንደ ራሱ ጥያቄ የሚይዝና መረጃው መልስ በማይሰጥበት ጊዜ ደግሞ «ይህ መረጃ ይህን ጥያቄ አይመልስም» ለማለት የሚደፍር ሰው ነው። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

መሠረቱን በሒሳብ ጣሉ

በአገራችን ብዙ ተማሪ ወደ ስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል የሚገባው የመጀመሪያ ምርጫው ሆኖ አይደለም። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጣችሁ አይገባም። በሃያኛው መቶ ዘመን ከታዩት ታላላቅ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰሮች አንዱ የሆነው ዴቪድ ብላክዌል በ1935 በ16 ዓመቱ ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያሰበው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ለመሆን ነበር፤ በ22 ዓመቱ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬቱን ይዞ ወጣ።

በመጀመሪያው ዲግሪ ዘመን ትልቁ ስህተት ቀመር በቃል ይዞ ፈተና ማለፍ ነው። ካልኩለስንና ሊኒየር አልጀብራን ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች እኩል ተማሩ፤ ፕሮባቢሊቲን በማረጋገጫ ጭምር አጥኑ፤ ሪል አናሊሲስ በምርጫ የሚሰጥ ከሆነ አትለፉት። በማስተርስም ሆነ በዶክትሬት ደረጃ ተማሪን የሚጥሉት ኮርሶች ብዙውን ጊዜ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ክፍተቱን በሰላሳ ዓመት ዕድሜ፣ ልጅና የቤት ኪራይ ይዞ መሙላት እጅግ ከባድ ነው።

ከሒሳቡ ጎን ለጎን የኮምፒውተር ሥራን ልመዱ። ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከፍቶ ከዝርዝር ውስጥ መርጦ መጫን ለመነሻ ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሠራችሁ የሚያስታውስላችሁ ነገር አይኖርም። ትዕዛዙን በጽሑፍ አስፍሮ መሥራት ግን ራሱ የሥራው መዝገብ ይሆናል። አር የተባለው ሶፍትዌር በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሁለት የስታቲስቲክስ መምህራን፣ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን፣ ለማስተማሪያነት ታስቦ የተጀመረ ሲሆን በነጻ የሚገኝ ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ አቅም ለሌለው ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ጸጋ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ የሚያስፈልጓችሁን የአር ጥቅሎች (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ግንኙነቱ ደህና በሆነበት ቀን አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ፤ ለተማሪዎቻችሁም አድሉ።

ማስተማር

ረዳት ምሩቅ ሆናችሁ የምትጀምሩት መልመጃ በማሠራትና በቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ በማገዝ ነው። ሌክቸረር ስትሆኑ ግን «የስታቲስቲክስ መግቢያ» የተባለው ኮርስ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣባችኋል፤ ለኢኮኖሚክስ፣ ለግብርና፣ ለጤና፣ ለሥራ አመራር ተማሪዎች ሁሉ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ለአዲሱ መምህር ይተዋል። ይህን ኮርስ እንደ ቅጣት አትቁጠሩት። አብዛኞቹ ተማሪዎች በሕይወታቸው የሚማሩት ብቸኛው የስታቲስቲክስ ኮርስ እሱ ነው፤ ነገ ጤና ጣቢያ የሚመሩት፣ የወረዳ ሪፖርት የሚያጠናቅሩት፣ በባንክ የብድር ጥያቄ የሚመረምሩት እነሱ ናቸው። አንድን ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስተምሩ ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ቢያንስ ሦስት የዝግጅት ሰዓት መድቡ፤ በሁለተኛው ዓመት ይቀላል።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በትርጓሜ ዝርዝር አትክፈቱት። እኔ የምጀምረው በልደት ቀን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን የመወለዳቸው ዕድል ከግማሽ በላይ እንዲሆን ስንት ሰው ያስፈልጋል ብዬ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቹ መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ ይላሉ፤ መልሱ 23 ነው፤ ክፍሉ 50 ተማሪ ካለው ዕድሉ 97 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በወረቀት ልደታቸውን ጽፈው እንዲያወዳድሩ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ ጎበዝ ተማሪ ይነሣና ጳጉሜን 6 የተወለደውስ ምን ይሆናል ይላል፤ ሌላው ደግሞ እናቱ የተወለደበትን ቀን ስላልመዘገቡ መታወቂያው ላይ መስከረም 1 ተብሎ እንደተጻፈ ይናገራል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ሁሉም ቀን እኩል ዕድል አለው ብሎ እንደተነሣ፣ ግምቱ ሲፈርስ ውጤቱ ወዴት እንደሚያዘነብል (በአንድ ቀን የመገጣጠም ዕድሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም)፣ የተመዘገበ ቁጥርና እውነተኛ ቁጥር የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ተማሪው በራሱ ሕይወት ያየዋል።

ከዚያ ወደ አገራችን መረጃ ውሰዷቸው። ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የቆጠራውን የዕድሜ ሰንጠረዥ በነጠላ ዓመት ስታዩት፣ በ30፣ በ35፣ በ40፣ በ45 ላይ የሰው ቁጥር እንደ ተራራ ይወጣና በ31 እና በ41 ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። ማንም አገር በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በብዛት አይወልድም፤ ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው በዜሮ ወይም በአምስት ወደሚያልቅ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ ነው። ይህን የሚለካው የዊፕል መለኪያ ይባላል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ቆጥሮ፣ በአምስት አባዝቶ፣ ለጠቅላላው ቁጥር አካፍሎ፣ በመቶ ማባዛት ነው። ማጠጋጋት ከሌለ ውጤቱ 100 ገደማ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ካጠጋጋ 500 ይደርሳል። ተማሪዎቻችሁ በየሠፈራቸው ዕድሜ ጠይቀው ይህን እንዲያሰሉ አዘዟቸው። ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ የአሜሪካ መኪና ፍጆታ ሰንጠረዥ ይህን ያህል ዓይን አይከፍትም። ተማሪው ጎረቤቱን ጠይቆ ያመጣውን ቁጥር አይረሳውም፤ ጠያቂው እንዴት እንደጠየቀ፣ መልስ ሰጪዋ አሮጊት ለምን «ወደ ስድሳ» እንዳሉ ያስታውሳል።

ግራፍ ሳይሠሩ ወደ ስሌት መሮጥን ለመከላከል የስታቲስቲክስ ሊቁን የፍራንክ አንስኮምብን አራት የመረጃ ስብስቦች ተጠቀሙ። በ1973 የታተሙት እነዚህ ስብስቦች አማካያቸው፣ ልይይታቸው፣ ተዛምዷቸው (0.816) እና የሪግሬሽን መስመራቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በግራፍ ሲሣሉ ግን አንዱ ተራ ደመና፣ አንዱ ቅስት፣ አንዱ አንድ ወጣ ያለ ነጥብ ያለው መስመር፣ አንዱ ደግሞ በአንድ ነጥብ ብቻ የተንጠለጠለ ሆኖ ይወጣል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንዲያሰሉ፣ አራቱም አንድ ናቸው ብለው እንዲደመድሙ፣ ከዚያ በኋላ እንዲሥሉ አድርጉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ፈተና ስታወጡ ደግሞ ስሌቱን አሳጥሩና ትርጓሜውን አስረዝሙ። ቀመር የሚያስገባ ማሽን ሞልቷል፤ ፒ-ቫልዩ (መላምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይህን ያህል የራቀ ውጤት የመገኘት ዕድል) 0.03 ሆነ ማለት መላምቱ ሐሰት የመሆን ዕድሉ 97 በመቶ ነው ማለት እንዳልሆነ በራሱ ቃል መጻፍ የሚችል ተማሪ ግን ጥቂት ነው። አንድ መቶ ሃያ እንዲህ ያለ መልስ ማረም አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበላል። ቢሆንም ተማሪዎቻችሁ የት ላይ እንደሳቱ የምታውቁበት ሌላ መንገድ የለም።

በራችሁን የሚያንኳኳውን ሰው ስሙት

ሥራ እንደጀመራችሁ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ባልደረባ ወይም የማስተርስ ተማሪ መረጃ ይዞ ይመጣል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛውን ቴስት ልጠቀም?» የሚል ነው። ወዲያው አትመልሱ። በመጀመሪያ ምን ማወቅ እንደፈለገ በተራ አማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ መረጃው ከየት፣ ከማን፣ እንዴት እንደተሰበሰበ፤ ከዚያ ማን ሳይካተት እንደቀረ። ቴስቱ የሚወሰነው ከእነዚህ በኋላ ነው።

በማስተማር የመጀመሪያ ዓመታቴ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ተመራማሪ አዲስ የጤፍ ዝርያ ከነባሩ እንደሚበልጥ እንዳረጋግጥለት የሁለት ዓመት ምርት መዝግቦ መጣ። ልዩነቱ ትልቅ ነበር፤ እኔም ደስ እያለኝ ማስላት ጀመርኩ። አዲሱ ዝርያ በሙሉ የተዘራው ጥቁርና ጥልቅ አፈር ባለበት በታችኛው ማሳ፣ ነባሩ በሙሉ ደግሞ በላይኛው ተዳፋት እንደሆነ የገባኝ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ስለ ማሳው ካርታ በአጋጣሚ ስጠይቀው ነው። ብልጫው የዝርያው ይሁን የአፈሩ፣ የትኛውም ስሌት ሊለየው አይችልም። የሁለት ዓመት ድካሙን ያዳነው አልነበረም። ያን ዕለት ፊቱ ላይ ያየሁትን ኀዘን እስካሁን አልረሳሁም፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መረጃ ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ የምጠይቀው ካርታ ወይም የናሙና ዝርዝር ነው።

ከዘመናዊ ስታቲስቲክስ መሥራቾች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1938 ለሕንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ባደረገው ንግግር፣ ሙከራ ካለቀ በኋላ ባለሙያ ማማከር አስከሬን እንዲመረመር ከመጠየቅ እንደማይለይ፣ ባለሙያው ምናልባት ሙከራው በምን እንደሞተ ሊናገር እንደሚችል ተናግሯል። ስለዚህ በትምህርት ክፍላችሁ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለምክር አገልግሎት እንዲመደብ ጠይቁ፤ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች የጥናት ዕቅዳቸው ሳይጸድቅ በፊት እንዲመጡም ለየኮሌጁ አሳውቁ። ዘሩ መሬት ሳይነካ የምትሰጡት የግማሽ ሰዓት ምክር በኋላ ከምትሠሩት የወር ትንተና ይበልጣል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለም፤ በጽሑፉ ላይ ስማችሁ እንዲገባ የሚገባው መቼ እንደሆነ ግን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩበት። ንድፉን ካወጣችሁና ትንተናውን ከሠራችሁ ደራሲ ናችሁ፤ አንድ ጥያቄ ከመለሳችሁ ምስጋና ይበቃል።

ይህ የሌሎችን ሥራ የማገዝ ልማድ የራሳችሁን ምርምር የሚያዘገይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ሲ. አር. ራኦ የተባለው የሕንድ ሊቅ በ1946 ወደ ካምብሪጅ የተጠራው በጎረቤታችን በሱዳን፣ በጀበል ሞያ ከተቆፈሩ ጥንታዊ መቃብሮች የወጡትን አጽሞች መለኪያ እንዲተነትን ነበር። የራስ ቅል ርዝመትና ስፋት እየለካ፣ መምህሩ ማሃላኖቢስ በ1936 ያወጣውን የርቀት መለኪያ እየተጠቀመ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ከየትኞቹ ሕዝቦች ጋር እንደሚቀራረቡ ሲመረምር፣ ዛሬ በብዙ ተለዋዋጮች ትንተና ኮርስ የምናስተምራቸውን ዘዴዎች አዳበረ፤ በ1948ም በፊሸር አማካሪነት ዶክትሬቱን ያዘ። የአርኪዮሎጂ ሰዎች ጥያቄ ለስታቲስቲክስ ቲዮሪ ሆነ ማለት ነው።

የዶክትሬት ትምህርት

በውጭ አገር ለመማር የምታስቡ ከሆነ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት አጣሩ። በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ዶክትሬት ፕሮግራሞች በአብዛኛው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እያሠሩ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ ለኑሮም ይከፍላሉ፤ ማመልከቻቸው የሚዘጋው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ ዝግጅቱ በክረምት መጀመር አለበት። በቤልጅየም የሃሰልት ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ማስተርስ ኢትዮጵያውያን መምህራን በነጻ ትምህርት ዕድል ሲማሩበት የቆየ ነው። በ2003 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኬፕታውን የተጀመረውና በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ማዕከላትን የከፈተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ደግሞ መሠረቱን ለማጠናከር ለሚፈልግ ጥሩ ድልድይ ነው። በአገር ውስጥ መማርም ክብር ያለው ምርጫ ነው፤ የቤተሰብ ኃላፊነት ላለበት መምህር ብዙ ጊዜ የሚቻለው እሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የማስተማር ጫናው እንዲቀነስላችሁ የተሰጣችሁን ቃል በደብዳቤ ያዙት።

አማካሪ ስትመርጡ ከዝናው ይልቅ የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ። በስንት ዓመት አስመረቃቸው? ረቂቅ ሲሰጡት በስንት ሳምንት ይመልሳል? ከተመረቁ በኋላ አብረው ይጽፋሉ ወይ? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ አራት ወይም አምስት የሕይወት ዓመታችሁን ይወስናል።

የማስተማር ጫና ውስጥ ሆኖ መመራመር

ከዶክትሬት ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። በሳምንት ብዙ ሰዓት እያስተማሩ፣ ከሃያ በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እያማከሩ ምርምር ከየት ይመጣል?

ወደ ብላክዌል ልመለስ። በ1941 ዶክትሬቱን ሲይዝ ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመቀጠር ተስፋ አልነበረውም፤ ያመለከተው ወደ ጥቁሮች ኮሌጆች ብቻ ነበር። ከ1944 እስከ 1954 ያስተማረው ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1947ም የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። የማስተማርና የአስተዳደር ሥራ እየሠራ፣ ከዚያ ሳይወጣ ከሃያ በላይ ጥናታዊ ጽሑፎች አሳተመ። መንገዱ የተከፈተለት በ1945 አብርሃም ገርሺክ የተባለ የመንግሥት የስታቲስቲክስ ባለሙያ በዚያው ከተማ ያደረገውን ንግግር ሄዶ በመስማቱ ነው። የሰማው ቲዮረም ትክክል ስላልመሰለው ተቃራኒ ምሳሌ ሠርቶ በደብዳቤ ላከለት። የላከው ምሳሌ ስህተት ነበር። ገርሺክ ግን ደውሎ ጠራው፤ ከዚያ ጀምሮ ለዓመታት አብረው ሠሩ፤ በ1954 የጋራ መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት ብላክዌል ወደ በርክሌይ ተዛወረ፤ በ1965 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በ2024 አንድ ታዋቂ የኮምፒውተር ቺፕ በስሙ ተጠርቷል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ተግባራዊ ምክር አለ። በከተማችሁ የሚደረግን ሴሚናር ሂዱና ስሙ፤ ያልገባችሁን ወይም የተጠራጠራችሁትን ለተናጋሪው ጻፉ፤ ልትሳሳቱ ብትችሉም ጻፉ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ ማኅበር ጉባኤዎችና የትምህርት ክፍላችሁ ሳምንታዊ ሴሚናር ለዚህ የተዘጋጁ መድረኮች ናቸው። ሴሚናር ከሌለ እናንተ ጀምሩት፤ ለመጀመር ሦስት ሰውና አንድ ሰሌዳ ይበቃል።

ሁለተኛው የምርምር ምንጭ ተማሪው ነው። ራኦ በካልካታ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሲያስተምር፣ ፊሸር ለትላልቅ ናሙናዎች ያስቀመጠው የግምት ልይይት ዝቅተኛ ወሰን ለአነስተኛ ናሙናም ይሠራ እንደሆነ አንድ ተማሪ ጠየቀው። ራኦ ሌሊቱን ሠርቶ በማግስቱ መልሱን ይዞ ክፍል ገባ፤ በ1945 የታተመው ያ ውጤት ዛሬ የክራመር-ራኦ ወሰን ተብሎ ይማራል። በዚያው ጽሑፍ ላይ ያለው ሌላው ውጤት ደግሞ ብላክዌል በ1947 በሃዋርድ ሳለ ለብቻው ከደረሰበት ጋር ተዛምዶ የራኦ-ብላክዌል ቲዮረም ይባላል። ተማሪ ሲጠይቃችሁ መልሱን የማታውቁ ከሆነ «አላውቅም፤ ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ» በሉና በልዩ ደብተር ጻፉት። እንዲህ ያለ ደብተር ለዓመታት ይዣለሁ፤ ካሳተምኳቸው ጽሑፎች ሦስቱ የጀመሩት ከእሱ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የተሰበሰበና ገና በአግባቡ ያልተጠና የአገራችን መረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን አነጋግሯል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ ከዓለም ባንክ ጋር የሰበሰበው የቤተሰቦች የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናትም አለ። እነዚህን ስትጠቀሙ የናሙና ክብደትን፣ ማለትም እያንዳንዱ የተጠየቀ ቤተሰብ ስንት ቤተሰብ እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር፣ አትርሱ። እንደ ሐረሪ ያሉ የሕዝብ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ክልሎች ለራሳቸው የሚበቃ ግምት እንዲገኝላቸው ከድርሻቸው በላይ ቤተሰብ ተወስዶባቸዋል፤ ክብደቱን ትቶ አገር አቀፍ አማካይ የሚያሰላ ሰው ሐረርን ከኦሮሚያ ጋር እኩል አድርጎ ማስላቱ ነው። በአንድ የቆጠራ ቦታ ያሉ ቤተሰቦች ደግሞ ይመሳሰላሉ፤ ይህን የማይቆጥር ስሌት የስህተት ወሰኑን ከእውነተኛው ያጠበዋል። እኔም የመጀመሪያ ጽሑፌ ተመላሽ የተደረገው ገምጋሚው ይህንኑ ስላየ ነበር፤ እንደገና ስሠራው ካገኘኋቸው ሰባት «ጉልህ» ግንኙነቶች የቀሩት ሦስት ናቸው።

ስለ ጆርናሎች አንድ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ጽሑፋችሁን በሦስት ቀን እንደሚቀበሉ በኢሜይል የሚለምኑና ክፍያ የሚጠይቁ ጆርናሎች ግምገማ የላቸውም። ለዕድገት ቢቆጠርላችሁ እንኳ በኋላ በስማችሁ ላይ የሚቀር ጠባሳ ነው። ከመላካችሁ በፊት የአርታኢዎቹን ስም ተመልከቱ፤ በመስኩ የምታውቋቸው ሰዎች አሉ ወይ? መምህሮቻችሁ እዚያ አሳትመው ያውቃሉ ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ ተዉት።

ማዕረግ፣ ኃላፊነትና ኑሮ

የዕድገት ማመልከቻ ሰነድ በአንድ ሳምንት አይዘጋጅም። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተማሪዎች ግምገማ፣ የተመደባችሁባቸው ኮርሶች ደብዳቤ፣ ያስመረቃችኋቸው ተማሪዎች ዝርዝር፣ የታተሙ ጽሑፎችና የማኅበረሰብ አገልግሎት ማስረጃ የሚገቡበት አንድ ሳጥን ይኑራችሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ የጠፋ ደብዳቤ ፍለጋ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት መንከራተት ብዙ ባልደረቦቼን አድክሟል።

ሴት መምህራን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። በ1940 ጆርጅ ስኔዴኮር የተባለው ፕሮፌሰር ለኖርዝ ካሮላይና ስቴት ኮሌጅ አዲስ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊነት የሚሆኑ ሰዎችን ስም ዝርዝር ሲያዘጋጅ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ባልደረባው ገርትሩድ ኮክስ ዝርዝሩን አይታ «የእኔ ስም ለምን አልገባም?» ብላ ጠየቀችው። ከደብዳቤው ግርጌ ስሟን ጨመረ፤ የተመረጠችውም እሷ ሆነች። ኃላፊ ስትሆኑ ወይም ለትምህርት ዕድል ስም ስታቀርቡ ዝርዝሩን ከመፈረማችሁ በፊት የማን ስም እንደቀረ ተመልከቱ።

የዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ቤተሰብ ለማስተዳደር እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስታቲስቲክስ ግን ተጨማሪ የማማከር ሥራ የማያጣ ሙያ ነው። ድርጅቶች የዳሰሳ ጥናት እንድትነድፉላቸው ወይም ሪፖርት እንድትጽፉላቸው ይጠይቃሉ። ውል ሳትፈራረሙ አትጀምሩ። በውሉ ላይ የናሙናው መጠን፣ መረጃውን ማን እንደሚሰበስብ፣ ጥሬ መረጃው በማን እጅ እንደሚቀር፣ ውጤቱ ደስ ባያሰኝ እንኳ እንደማይለወጥ የሚገልጽ አንቀጽ ይኑር። አንድ ጊዜ የፕሮጀክቱ ውጤት «ትንሽ ከፍ እንዲል» ተጠይቄ አልፈረምኩም፤ ቀሪውን ክፍያ አላገኘሁም። በዚያ ዓመት የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ተበድሬ ከፍያለሁ፤ ቁጥሩ ግን የእውነተኛ እናቶችና ሕፃናት ቁጥር ስለነበር ሌላ ማድረግ አልችልም ነበር።

የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ተራ ሲደርሳችሁ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ተቀበሉት፤ ከዚያ ልቀቁት። በዚያ ዘመን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ለምርምር ቆልፉና ማንም እንዳይነካባችሁ አድርጉ።

ወደ ኋለኛው ዘመን

ፕሮፌሰርነት ሲመጣ ጊዜያችሁ የሚያልፈው የዶክትሬት ተማሪ በማስመረቅ፣ የሌሎችን ጽሑፍ በመገምገምና ወጣት መምህራንን በማገዝ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ጽሑፉን ሲያመጣላችሁ በሁለት ሳምንት መልሱለት፤ ስማችሁን ግን ላልሠራችሁበት ሥራ አታስገቡ። ጡረታ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ዓመት ወስዳችሁ የሰበሰባችሁትን መረጃ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ፋይል በምን ዓመት፣ በየትኛው ወረዳ፣ በማን እንደተሰበሰበ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሚለካ፣ «99» ተብሎ የተጻፈው መልስ ያልተሰጠበት ማለት ይሁን ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ማለት ይሁን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ፤ ቅጂውን ለትምህርት ክፍሉ፣ ለቤተ መጻሕፍቱና ኮርሳችሁን ለሚረከበው መምህር ስጡ። ከእኔ በፊት ይህን ኮርስ ያስተማሩት መምህሬ የሰጡኝ በእጅ የተጻፈ የፈተና ጥያቄ ደብተርና ሁለት ካርቶን የቤተሰብ ጥናት ቅጽ ዛሬም በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ተማሪዎቼ አሁንም ከእሱ ይሠራሉ።